ሁላችንም ተቆጣጣሪ የሆንን ሰሞን

ውድ የላብራቶሪው ሰው፣

በስምህ ልጀምር ብዬ ነበር። ግን በዚህ ሳምንት ስምህን ያልጠራ ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ የለም፤ ከበር ጥበቃው እስከ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ሲቀባበሉት ሰነበቱ። ስለዚህ እኔ በአካል እስክንገናኝ ድረስ ልቆጥበው ወሰንኩ። እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ይሆናል፤ ታምሜያለሁ እንዳልልህ ደግሞ ምሳዬን በልቼ፣ አልፎ አልፎም ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የምጽፍልህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ መድኃኒት ጭኖ አሁን ወዳለህበት ቅርንጫፍ የሚመላለሰው ሾፌር ነው። ስልክህ ላይ ደውዬ ደውዬ ሰለቸኝ። እዚያ ኔትወርክ የለም ይላሉ። ጥፋቱ የኔትወርክ ከሆነ ሙያዬ ነው፣ ይገባኛል፤ አኩርፈህ ከሆነ ግን እኔ የያዝኩት ካቻቢቴ ኩርፊያ አይፈታም። በሲስተሙ እንዳልጽፍልህ ደግሞ ከእንግዲህ በዚያ በኩል የግል ነገር የምጽፍ ሴት አይደለሁም። ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፤ ወይም የምታውቅ ይመስልሃል።

አንተ የምታውቀው ይህን ነው፦ የልብህን ጻፍክልኝ፣ እኔ ለቢሮው ሁሉ አሳየሁት፣ ሰው ተሳለቀብህ፣ መጨረሻ ላይም በስሜ ጥያቄህን ዘጋሁት። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሻንጣህን አንጠልጥለህ መሄድህ ሲያንስ ነው። ግን እንዲህ አልሆነም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልህ። የጠፋችህን አንዲት ነገር ፍለጋ ጧት ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ የምትተከል ሰው፣ የእኔን ወሬ ማንበብ አይከብድህም።

ሲስተሙ ከመምጣቱ በፊት የኮምፒውተር ክፍላችን እንዴት ይሠራ እንደነበር ታስታውሳለህ። ኮምፒውተር እምቢ ያለው ሰው ሁሉ ይደውላል፤ እትዬ ከመቀበያው መስታወት ጀርባ ሆነው ስልኩን ያነሱታል። «ማነው? አንተ ነህ? እናትህ ተሻላቸው?» ይሉና ስለ ኮምፒውተሩ የሚጠይቁት መጨረሻ ላይ፣ ያውም ካስታወሱ ነው። ከዚያ ወደ እኛ በር ዞረው ይጣራሉ። ፕሪንተር ከሆነ ጋሼ ይነሳሉ። ከጣሪያ በላይ ወይም ከወለል በታች የሚያስገባ ነገር ከሆነ ኬብል ይሄዳል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ማንም አያስታውሰውም። የተረፈው የእኔ ነው። ላብራቶሪው ሲደውል ግን ፕሪንተርም ቢሆን ጋሼ ተነስተው አያውቁም። «ላብራቶሪው ነው፤ ሂጂ» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ። ገብቷቸው እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

መጀመሪያ የደወልከው ኪቦርዱ አልሠራ ብሎህ ነበር። መጥቼ ባይ ገመዱ ወልቋል። ሰክቼው ልወጣ ስል ወንበር ሳብክልኝና «እስቲ ሞክሪው፣ ተመልሶ እንዳይወልቅ» አልከኝ። ተቀመጥኩና ሞከርኩት። አንተ ስላይዶችህን በጨርቅ እያበስክ ቆመህ ዝም አልክ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ የአንተ ዝምታ ደግሞ ሰውን አያጨናንቅም፣ መስኮት እንደተከፈተለት ክፍል ነው። ቀጥሎ ማውሱ ሆነ። ከዚያ ስክሪኑ ደበዘዘ፤ አንድ ሰው ቁልፉን በጣቱ ካልነካው በቀር ስክሪን ከመሬት ተነስቶ አይደበዝዝም። ከዚያ እንደገና ኪቦርዱ።

«ዛሬስ ምን ሆኖ ነው?» አልኩህ።

«ድንገት ወለቀ።»

«ያን ጊዜም ድንገት ነበር የወለቀው።»

«ድንገት ይወዳል» አልከኝና ወደ ማይክሮስኮፕህ ዞርክ። ጆሮህ ግን ቀልቶ ነበር።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ገመድ ሰክቶ ለመውጣት እኮ መቀመጥ እንኳ አያስፈልግም። እኔ ግን ምንም የሚፈታ ነገር በሌለበት ካቻቢቴዬን አውጥቼ ስጎረጉር፣ ያልተበላሸውን ስመረምር፣ የተመረመረውን ስደግም እቆያለሁ። ተመልሼ ስገባ ኬብል «ላብራቶሪው መቼም የማይድን ኮምፒውተር ነው ያለው» ይለኛል። «ሥር የሰደደ ነው» እለዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት ልንደፍን ስንል ነው ሲስተሙ የመጣው።

ኃላፊያችን ስብሰባ ጠሩና «ከእንግዲህ መደዋወል የለም» አሉ። የተቸገረ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ቲኬት ይከፍታል፤ ችግሩን ይጽፋል፤ ቲኬቱ ተራውን ይዞ ለሚመለከተው ሰው ይደርሳል። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን የማንን እንደሚያይ ሲስተሙ ውስጥ አስቀድሞ መመደብ አለበት። «ድርሻውን አንቺ መድቢ» አሉኝ።

«ለምን እኔ?» አልኳቸው።

«አንቺ ከማንም ጋር አትጣዪም።»

ያኔ ሙገሳ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ድርሻዎቹ አራት ናቸው። ጠያቂ የሚባለው ቲኬት የሚከፍተው ሰው ነው፤ የራሱን እንጂ የሌላውን አያይም። ባለሙያ የሚጠግነው ነው፤ እሱም ለእሱ የተሰጠውን ብቻ ያያል። ተቆጣጣሪ የሁሉንም ያያል፤ ይመድባል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ይዘጋል። አስተዳዳሪ ደግሞ እነዚህን ድርሻዎች የሚሰጥና የሚነሳ ነው። ይኸው ነው። ኃላፊያችንን ተቆጣጣሪ፣ ጋሼንና ኬብልን ባለሙያ፣ እትዬንና የቀረውን ሆስፒታል ጠያቂ አደረግኩ። ራሴን አስተዳዳሪ አልኩ፤ ጥገናውም ስለማይቀርልኝ ከባለሙያዎቹ መሃልም ገባሁ። ከዚያ ክፍሎቹን ለባለሙያዎች ሳከፋፍል ላብራቶሪውን ለራሴ ጻፍኩ። ላብራቶሪው ለማን ይሁን ብዬ ለአፍታ እንኳ እንዳላሰብኩ እዚህ ላይ ብነግርህ አላፍርም።

ሥራው ምሳ ሳይደርስ አለቀ። ጣጣው የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ሰዎቹ ያነበቡት እንደ ሥራ ድርሻ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ነበር።

መጀመሪያ ጋሼ መጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ባለሙያ ይላል።»

«አዎ ጋሼ፣ ፕሪንተሩን የሚጠግኑት እርስዎ ስለሆኑ ነው።»

«ኃላፊው ጋ ደግሞ ተቆጣጣሪ ይላል። ማውስ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየሁት እኮ እኔ ነኝ። አሁን እሱ እኔን ሊቆጣጠር ነው?»

«ጋሼ፣ የሲስተም ቋንቋ ነው እንጂ…»

«ግድ የለም። ጡረታዬም ደርሷል። እንዲሁ ልሰናበት።»

እንዲህ ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። ቁጭ ብዬ ተቆጣጣሪ አደረግኳቸው። ወዲያው እትዬ ከመስታወታቸው ጀርባ ወጥተው መጡ፤ እሳቸው ከዚያ ከወጡ ነገር አለ ማለት ነው። «ጠያቂ? እኔ? ይህ ሆስፒታል እኔን ሲጠይቅ አይደል እንዴ የኖረው? ለማኝ አስመሰልሽኝ እኮ» አሉኝ። እሳቸውንም ተቆጣጣሪ አደረግኩ። ኬብል ይህን ሲሰማ «እትዬ እኔን ሊቆጣጠሩ? ጣሪያ ላይ ወጥተው?» አለ። እሱም ሆነ። በማግስቱ ዋና ነርሷ መጡ። ከእሳቸው ጀርባ የመጋዘኑ ሰውዬ፣ ከዚያ የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ፤ እሷማ ድርሻ አልጠየቀችም፣ «ምን አጠፋሁ?» ብላ ብቻ ፊቴ ቆመች። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ማስቀየም ሆነብኝ። ለሁሉም እሺ አልኩ። ይሉኝታ እንደ ዝናብ ነው፤ አንዱን አርሶ ሌላውን አይተውም።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሆስፒታሉ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ተቆጣጣሪ ሆኖ ነበር፣ ከአንተ በቀር። «አንተ ጠያቂ ነህ» ስልህ «ልክ ነው» ብለህ ወደ ሥራህ ተመለስክ። በዚያ ሰሞን ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ያላስቸገርከኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ኋላ የደረሰውን ሳስበው ደግሞ ያስቸገርኩህ እኔ ነኝ።

ሁሉም ተቆጣጣሪ የሆነበት ቤት ምን እንደሚመስል ልንገርህ። የዋና ነርሷ ፕሪንተር ወረቀት አኝኮ ያዘ። ቲኬት ከፈቱ። ኬብል ለጋሼ መደበና ሥሩ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ለማዘዝ ሳይሆን ሲስተሙ አስገድዶኝ ነው» ብሎ ጻፈ። ጋሼ ታዘዙ እንዳይባል «ምንም አይደለም ልጄ፣ ግን ወጣት ይቅደም» ብለው መልሰው ለኬብል አደረጉት። ኬብል «እትዬ እያሉማ እኔ አልቀድምም» አለ። እትዬ «እኔ የመጠገን እውቀት ባይኖረኝም ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ» ብለው ለሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ አስተላለፉት። በር ላይ «ይግቡ፣ ኧረ እርስዎ ይግቡ» ሲባባሉ ሁለቱም ደጅ የሚቀሩ ሰዎች አይተህ የለ? እንደዚያ ነው የሆነው። በመከባበር ብዛት ፕሪንተሩ ወረቀቱን እንደነከሰ ሰነበተ። ሲበዛ ማርም ይመራል።

አንተ ያገኘኸኝ በዚያ ሰሞን ነው፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የናሙና ማቀዝቀዣ ሳጥንህን ይዘህ።

«ቲኬቱ ላይ ‹ለባለሙያው ብቻ› የሚል ሳጥን አለ» አልከኝ። «እዚያ የሚጻፈውን ማን ያየዋል?»

«የተመደበለት ባለሙያ ብቻ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መመሪያው ላይ አለ» አልኩህ፣ አፌን ሞልቼ።

መመሪያው ላይ በእርግጥ አለ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ደግሞ «እና ተቆጣጣሪዎች» ይላል። ይህን አላስታወስኩም። ስትጠይቀኝ ጆሮህ ቀልቶ ስለነበር እኔም ልቤ መመሪያ ላይ አልነበረም። የጥፋቴ ልክ ይኼ ነው፤ ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህም አያንስም። ዋሽቼህ አልነበረም። የፈለግኸውን ያህል ተቆጣኝ፣ ግን በዚህ ተቆጣኝ እንጂ ባላደረግኩት አይሁን።

ቲኬቱን በከፈትክ ቀን እኔ ሥራ አልገባሁም። እማዬ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራትና ከእሷ ጋር ተሰልፌ ዋልኩ። እንደዚያ የጻፍክልኝን ሳላይ፣ ወረፋ ላይ ተቀምጬ የሌላ ሰው ልጅ ሳጫውት ነበር። የጻፍከውን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ርዕስ፦ ሌላ። ለባለሙያው ብቻ፦ ኮምፒውተሩ ደህና ነው። እስካሁንም ደህና ነበር። የማበላሸው ነገር አልቆብኛል። ያለ ብልሽት ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ብትፈቅጂ ደግሞ ለዘለቄታው።»

አንድ ዓመት ሙሉ ካወራኸኝ ይህ ይበልጣል። ደግሜ ደጋግሜ ሳነበው «ብትፈቅጂ» የምትለዋ ላይ ስደርስ እቆማለሁ።

እኔ ግን ያነበብኩት ከሁሉም በኋላ ነው። ቀድመውኝ ያነበቡት ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው። መጀመሪያ ያዩት እትዬ ነበሩ፤ ቅድሚያውን ከ«መደበኛ» ወደ «አስቸኳይ» ቀየሩት። ለአንተ ወዲያው መልእክት እንደሚሄድ አያውቁም፤ «የጥያቄዎ ቅድሚያ ተሻሽሏል» የሚለውን የላከልህ ሲስተሙ ራሱ ነው። ኬብል «ይህ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ጉዳይ ነው» ብሎ ለጋሼ አዛወረው። «ጥያቄዎ ለከፍተኛ ባለሙያ ተላልፏል» ብሎ ሲስተሙ ነገረህ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደበላቸውን ቲኬት ሳይመልሱ ተቀበሉ። መነጽራቸውን አውርደው፣ ፊደል በፊደል እየፈለጉ «ጠያቂው መረጃ ያሟሉ። ቤት አለዎት? ከየትኛው ቤተሰብ ነዎት? ቁጣ ያበዛሉ?» ብለው ጻፉልህ። የሂሳብ ክፍሏ «በቂ ማስረጃ ይቅረብ» ብላ ደገፈች። የመጋዘኑ ሰውዬ ደግሞ ደስ ብሎት ነው መሰል፣ ባዶ መልእክት ላከ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጋሼ፣ ባለጉዳይዋ ስትመጣ ትወስን ብለው፣ ቲኬቱን ወደ እኔ ስም መለሱት።

ማንም አልሳቀብህም። ይህን በማንም ፊት እምልልሃለሁ። ቢሮው ተሰብስቦ ሠርግ እንደሚያዘጋጅ ቤት ሲታመስ ነው የዋለው። ግን አንተ ላብራቶሪህ ውስጥ ብቻህን ተቀምጠህ እነዚያ ደረቅ መልእክቶች አንድ በአንድ ሲደርሱህ ምን እንደመሰለህ ሳስበው፣ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ጨርሰው ያበላሹት ግን ኃላፊያችን ናቸው። የቀኑን ሥራ ሊያጠናቅቁ ገቡና ርዕሱን አዩ። «ሌላ» ይላል። ውስጡን ሳያነቡ «ከክፍላችን የሥራ ድርሻ ውጪ ነው» ብለው ዘጉት። ቲኬቱ በእኔ ስም ስለነበር መዝጊያው የወጣው በእኔ ስም ነው። ቀጥሎ ሲስተሙ እንደ ልማዱ «በተሰጠዎ አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?» ብሎ ኮከብ እንድትሞላ ጠየቀህ። አንተም ሞላህ፤ ሁሉንም ኮከብ ሰጠኸኝ። ሌላው ሁሉ ቢያስቀኝ ይህ አላሳቀኝም። ኮከቡ ለደመወዝ ጭማሪ እንደሚታይ ታውቃለህና፣ እንደዚያ ተሰብረህ እንኳ ጭማሪው እንዳይቀርብኝ አሰብክልኝ።

በማግስቱ ስገባ እትዬ መስታወቱን ከፍተው «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። የእማዬ ዓይን ሕክምና በደህና ማለቁን ሰምተው መስሎኝ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኳቸው። ክፍላችን ስደርስ ሁሉም ቆመው ያዩኛል። ኬብል ወንበር ሳበልኝ፤ በሕይወቱ ወንበር ስቦልኝ አያውቅም። ቲኬቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። ቅርንጫፍ የሚሄድ ፈቃደኛ ሲፈለግ እንደነበር፣ አንተም ማልደህ ከሾፌሩ ጋር እንደወጣህ ነገረኝ። «የኮምፒውተር ክፍል ነሽ? ምንም ችግር የለብንም እኮ» አለኝ። ኪቦርዱ ተሰክቷል፤ ማውሱ ይሄዳል፤ ስክሪኑ ቦግ ብሏል።

ስወርድ ከማንም ጋር የማትጣላው ሴት አልነበርኩም። በሩን ዘጋሁና ሁሉንም አስቀመጥኳቸው፤ ኃላፊያችንንም ጭምር። ድምፄ እሺ ብሎ ታዘዘኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ተቆጣጣሪ አንድ ሰው ነው» አልኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ኬብልም። እትዬ፣ እርስዎ ጠያቂ ነዎት። የሚቀየም ሰው ካለ ይቀየመኝ። እናንተን ላለማስቀየም ብዬ ማስቀየም የማልፈልገውን አንድ ሰው አስቀየምኩ።»

ከጋሼ ጋር እንዲህ ተነጋግሬ አላውቅም፤ ዓይናቸውን ማየት ፈራሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና «አስተዳዳሪዋ አንቺ ነሽ» አሉ። «ባለሙያ አድርጊኝ፤ ድሮም ባለሙያ ነኝ።» ቀጥለው ደግሞ «ልጁን መረጃ አሟላ ያልኩት ለክፋት አይደለም። አባትሽ የሉም። አንድ ሰው መጠየቅ አለበት ብዬ ነው» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ የያዝኩት ቁጣ ከየት እንደሄደ አላወቅኩም። አለቀስኩ፣ እሳቸውም ሳል የያዛቸው አስመስለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እትዬ እንኳ ተረቱ። «ጠያቂ ይሁኑ ካልሽ ልሁን። እንግዲያው ልጠይቅ፤ ልጁን የምታመጪልን መቼ ነው?» አሉ። ኃላፊያችን ደግሞ ከተቀመጡበት «እኔ እኮ ርዕሱ ‹ሌላ› ስለሚል ነው» ይላሉ። «ሌላ የእኛ አይደለም።» ኬብል ሳቁን አፍኖ ወደ ኮሪደር ወጣ። ወደ ነርሷ ፕሪንተር የሄዱት ግን ጋሼ ናቸው፤ ሥራው የማን እንደሆነ ስለታወቀ ማንም ማንንም አልለመነም። ሲመለሱ እጃቸው ጥቁር ቀለም ብቻ ነበር፣ ፊታቸውም በራ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ከዓይኗ ላይ የተለጠፈውን ፋሻ እየነካካች ጸጥ ብላ ሰማችኝ። በኮምፒውተር ነው የጠየቀኝ ስላት ብዙም አልገረማትም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወሬ ያበዛል?»

«ኧረ እሱ አይናገርም።»

«ጥሩ ነው» አለች። «አንቺ ለሁለታችሁም ታወሪያለሽ።»

አሁን ሁሉን ነገርኩህ። ፍቅር ያዘኝ ብዬ ከመጻፍ ስለ ድርሻ አመዳደብ ይህን ያህል ገጽ መጻፍ እንደቀለለኝ አየህ? አንተ በኪቦርድ ገመድ ተሸሸግክ፣ እኔ በካቻቢቴ፤ ሁለታችንም አንድ ነን። ግን አንተ መጨረሻ ላይ ወጥተህ ተናገርክ፣ ያውም በጽሑፍ። ስለዚህ እኔም በጽሑፍ ልናገር። ላብራቶሪው ሲደውል የምነሳው ሥራዬ ስለሆነ አልነበረም። ያልደወልክበት ቀን ቀኑ አያልቅልኝም ነበር። ካንተ ጋር ዝም ማለት ከሌላው ጋር ከማውራት ይበልጥብኛል። እወድሃለሁ።

ቅዳሜ ከሾፌሩ ጋር እመጣለሁ። ጋሼ አብሬሽ ልሂድ አሉ፤ አይሆንም አልኳቸው። እትዬ መስታወታቸውን ቆልፈው ለመምጣት ተነሱ፤ እሳቸውንም አይሆንም አልኩ። ኬብል የመኪናው ጭነት ላይ እቀመጣለሁ አለ፤ አይሆንም። አይሆንም ማለት እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማንም አልነገረኝም ነበር። ቅርንጫፉ በር ላይ ጠብቀኝ። ሥራ ላይ ከሆንክም እቀመጣለሁ፤ አንተ ስላይድህን ስትጠርግ እያየሁ መቀመጥ እችልበታለሁ።

ለጠየቅኸኝ ጥያቄ መልሴ እሺ ነው። ለዘለቄታው። እሺ ማለት ልማዴ መሆኑን ሆስፒታሉ በሙሉ ያውቃል፤ እስከ ዛሬ ያልኩት እሺ ሁሉ ሌላውን ላለማስቀየም ነበር። ይህን እሺ ያልኩት ግን እኔን ራሴን ደስ ስለሚለኝ ነው።

እንደ ደንቡ «አክባሪህ» ብዬ ልፈርም ነበር። መከባበሩ በዝቶብን አይደል እዚህ የደረስነው? ስለዚህ እሱ ይቅርና፣

ያንተው ነኝ።